«አያውቅም» ማለት መልስ አይደለም

በእኛ ሙያ ከውጭ ሰው ትችት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የተባለው ነገር እውነት ነው ወይ?» ሳይሆን «ለመሆኑ ሰውየው ማን ነው?» የሚለው ነው። ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይኸው ልማድ ነው። ለማሳያ የመረጥኩት ጉዳይ የአገራችን አይደለም፣ ትንሽም አርጅቷል። ቢሆንም የዌብ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ሁሉ እንቅልፍ ያጣበትን ሲኤስኤስን የሚመለከት ስለሆነ ለዲፓርትመንታችን አንባቢ እንግዳ አይሆንም ብዬ አምናለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጆን ድቮራክ በፒሲ ማጋዚን ላይ ለረጅም ዓመታት ይጽፍ የነበረ አሜሪካዊ ዓምደኛ ነው። ሰውን የሚያስቆጣ አስተያየት በመስጠት ይታወቃል። በጁን 2006 ሲኤስኤስ እንዴት እንዳበሳጨው የሚገልጽ ዓምድ አወጣ። የቅሬታው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፦ በአንዱ ብራውዘር ያማረ ገጽ በሌላው ይበታተናል፤ «ካስኬድ» የሚባለው አሠራርም ነገሩን የሚያቃልል ሳይሆን የሚያወሳስብ ነው፤ ታዲያ ሁሉም በየራሱ የሚተረጉመው ከሆነ ስታንዳርድነቱ የቱ ላይ ነው?

መልሱ እንደ ጎርፍ ነበር። ከመልሶቹ የሚበዙት ግን ስለ ብራውዘሮቹ ሳይሆን ስለ ድቮራክ የሚያወሩ ናቸው። ካስኬድ ምን እንደሆነ አልገባውም፣ መጽሐፍ ያንብብ፣ ሰው ለማስቆጣት ብሎ ነው፣ አርጅቷል፣ ወዘተ። እኔ እነዚህን መልሶች ሳነብ ትዝ ያለኝ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው የአገራችን ተረት ነው። አጥሩ ሲነቀነቅ ባለቤቶቹ እንደተናቁ ቆጠሩት።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ካስኬድን በተመለከተ ድቮራክን የነቀፉት ሰዎች አልተሳሳቱም። ሆከን ዊየም ሊ በኦክቶበር 1994 የመጀመሪያውን ሐሳብ ሲያቀርብ ካስኬድ የሐሳቡ ልብ ነበር። ገጹን የጻፈው ሰው የራሱ ምርጫ አለው፣ አንባቢውም የራሱ ምርጫ አለው፣ ብራውዘሩም መነሻ የሚሆን የራሱ ደንብ አለው። ሦስቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስን ሥርዓት ያስፈልጋል። ዓይኑ የደከመ ሰው ፊደሉን ማጉላት የሚችለው፣ ገጹን የጻፈው ሰው ብቻውን ንጉሥ ስላልሆነ ነው። ይህ ትልቅ ሐሳብ ነው። እኔ ራሴ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላየሁም።

ሌላው ቅሬታ፣ ማለትም ብራውዘሮቹ አንድ ዓይነት አይደሉም የሚለው ግን እውነት ነበር። እንደውም ከተናገረው በላይ እውነት ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 የወጣው በ2001 ነው፤ ተከታዩ ቁጥር 7 የወጣው በኦክቶበር 2006፣ ዓምዱ ከወጣ ከአራት ወር በኋላ ነው። በመሃሉ አምስት ዓመት ሙሉ አብዛኛው የኢንተርኔት ተጠቃሚ የሚጠቀምበት ብራውዘር እንዳለ ቆሞ ቀርቶ ነበር። ዌብ ስታንዳርድስ ፕሮጀክት የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ብራውዘሮችን የሚፈትን አሲድ2 የተሰኘ ገጽ በኤፕሪል 2005 ሲያወጣ ገጹ በዋናዎቹ ብራውዘሮች ላይ ተዘበራርቆ ነው የታየው። የማይክሮሶፍት ብራውዘር ይህንን ፈተና ያለፈው በ2009 በወጣው ቁጥር 8 ነው።

የድቮራክ ተቺዎች ይህንን አላጡትም። «ጥፋቱ የብራውዘሮቹ እንጂ የስታንዳርዱ አይደለም» የሚል መልስ ነበራቸው። እዚህ ላይ ነው እኔ የማልስማማው። ስታንዳርዱስ የቱ ነበር? ሲኤስኤስ2 በሜይ 1998 ጸድቋል፤ ነገር ግን አሻሚ ቦታዎች ስለነበሩበትና አንዳንዱን ክፍል ማንም ብራውዘር ስላልሠራው እርማት አስፈልጎት 2.1 የሚባለው እትም ተጀመረ። ድቮራክ ዓምዱን ሲጽፍ 2.1 ገና የሥራ ረቂቅ ነበር። የጸደቀው በጁን 2011 ነው። ከ1998 እስከ 2011 አሥራ ሦስት ዓመት ማለት ነው! አንድ ሕፃን ተወልዶ ሰባተኛ ክፍል ይደርሳል። ሕጉ ራሱ እየታረመ ባለበት ጊዜ «ሕጉ ግልጽ ነው፣ ችግሩ ያለው ሕጉን በማያከብሩት ላይ ነው» ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

አሁን ወደ አንድ ምሳሌ ልግባ፣ ምክንያቱም የጉዳዩ ዋና ማሳያ እሱ ይመስለኛል። ስለ ሳጥን ስፋት ነው። በሲኤስኤስ አንድን ሳጥን «ስፋትህ 200 ፒክስል ይሁን» ስትለው፣ በጥንቱ ደንብ 200 የሚባለው የውስጡ ይዘት ብቻ ነው። ፓዲንጉና ጠርዙ በላዩ ላይ ይደመራሉ። በሁለቱም ጎን 20 ፒክስል ፓዲንግ ከሰጠኸው ሳጥኑ 240 ይሆናል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ግን 200 ካልከው ጠቅላላውን 200 ያደርግልህ ነበር። ይህ በዘመኑ ታላቅ ስሕተት ተብሎ ተወግዟል፤ ስሕተቱን ለማለፍ የሚያስችሉ ዘዴዎች ተፈልስፈው እንደ ጸሎት በቃል ይጠኑ ነበር። ደንቡ አንድ ከተባለ በኋላ ሁሉም ያንኑ መከተል አለበትና በዚህ በኩል ማይክሮሶፍት ጥፋተኛ ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን አዲስ ተማሪ ወይም እንደ ድቮራክ ያለ ሰው «200 ብዬው ለምን 240 ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ቦክስ ሞዴል አልገባህም» የሚል ነበር።

በኋላ ምን ሆነ? «ቦክስ ሳይዚንግ» የሚባል ንብረት መጣ፣ «ቦርደር ቦክስ» ስትለው የድሮውን የማይክሮሶፍት አቆጣጠር ይሰጥሃል። ዛሬ ስንቱ ባለሙያ ነው ፋይሉን ሲጀምር ለሁሉም ኤለመንት ይህንኑ ደንብ አስቀድሞ የሚጽፈው! እኛም ላብ ውስጥ የምንጽፈው እሱን ነው። ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ የሲኤስኤስ የሥራ ቡድን ራሱ በሲኤስኤስ ንድፍ ላይ የተፈጸሙ ስሕተቶችን የሚዘረዝር መዝገብ አለው። እዚያ መዝገብ ላይ ቦርደር ቦክስ ከመጀመሪያውኑ መነሻ ደንብ መሆን ነበረበት የሚል ነጥብ ሰፍሯል። ስለዚህ «አልገባህም» ሲባል የነበረው ጀማሪ ትክክል ነበር ማለት ነው። የገባው ነገር በባለሙያ ቋንቋ ባይነገርም ትክክል ነበር።

መዝገቡን ማኖራቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ስሕተቱን በጽሑፍ የሚያስቀምጥ የሙያ ማኅበር ስንት አለ? ይሁን እንጂ መዝገቡ ውስጥ ያሉትን ነገሮች መጀመሪያ ያማረሩት ሰዎች ምስጋና ሲሰጣቸው አላየሁም።

ለፍትሕ ያህል የሌላውን ወገን ምሬትም መናገር አለብኝ። ዌብ ስታንዳርድስ ፕሮጀክት የተመሠረተው በ1998 ነው። ያኔ ኔትስኬፕና ማይክሮሶፍት በየፊናቸው ይሄዱ ስለነበር አንድን ገጽ ለሁለት ብራውዘር ሁለቴ መሥራት የተለመደ ነበር። እነዚህ ሰዎች ያለ ክፍያ ለዓመታት ጮኸው፣ ኩባንያዎችን ለምነውና ተቆጥተው ነው ነገሩን ወደ አንድ ያመጡት። በ2006 ገና ብዙ መሥሪያ ቤት ገጹን በቴብል ነበር የሚደረድረው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ የሚያነበው የሥራ ቡድን ረቂቅ ሳይሆን ፒሲ ማጋዚንን ነው። ሰኞ ጠዋት መጽሔቱን ይዞ መጥቶ «ይኸው፣ ሲኤስኤስ የሚባለው አይሠራም ተብሏል፣ ወደ ቴብል ተመለሱ» ቢል የስንት ዓመት ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ቁጣቸው ከትዕቢት ብቻ የመጣ አልነበረም፣ ፍርሃትም ነበረበት። እኔ ግን የምለው፣ ያንን ኃላፊ የሚያሳምነው የቱ ነው? «ጸሐፊው ደደብ ነው» የሚለው ወይስ «እውነት ነው፣ በዚህና በዚህ ብራውዘር ይህ ይበላሻል፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ እስኪስተካከል እንዲህ እናደርጋለን» የሚለው?

በዚያው ዓመት የሆኑ ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ፤ ጎን ለጎን ሲታዩ ያስተምራሉ። በሜይ 2006፣ ድቮራክ ከመጻፉ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ጆ ክላርክ የተባለ የተደራሽነት ባለሙያ ኤ ሊስት አፓርት በሚባለው የዌብ ሠሪዎች መጽሔት ላይ ገና በረቂቅ ላይ የነበረውን ሁለተኛውን የተደራሽነት መመሪያ ገሃነም ይግባ የሚል ርእስ ሰጥቶ ጻፈበት። ከድቮራክ ይልቅ የእሱ ቃል የከረረ ነበር። ነገር ግን ሰዎች ነጥብ በነጥብ ተከራከሩት፣ ብዙዎች ደገፉት፣ መመሪያው ራሱ ብዙ ተለውጦ በዲሴምበር 2008 ጸደቀ። ሁለተኛው፣ የዌብ አባት የሚባለው ቲም በርነርስ ሊ ራሱ በኦክቶበር 2006 ዓለም ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ኤክስኤምኤል ይሻገር የሚለው ሙከራ እንዳልሠራ በይፋ ጻፈ። የኤክስኤችቲኤምኤል 2 ነገር የተበላሸው ያኔ ነው፤ የሥራ ቡድኑም ከ2009 በኋላ አልቀጠለም። ያንኑ ቃል አንድ ጋዜጠኛ ከሁለት ዓመት በፊት ጽፎት ቢሆን ኖሮ ምን ይባል እንደነበር መገመት አያስቸግርም። እንደውም ሞዚላና ኦፔራ በ2004 ተመሳሳይ ነገር ይዘው ቀርበው ድምፅ አላገኙም፤ ወጥተው የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ፣ ኤችቲኤምኤል5 ከዚያ ነው የመጣው።

እንግዲህ ልዩነቱ የቃሉ መክረር አይደለም። የክላርክ ቃል ከሁሉም ይከርራል። ልዩነቱ ተናጋሪው የቤት ልጅ ነው ወይስ የውጭ ሰው የሚለው ነው። የቤት ልጅ ሲሳደብ «ተቆርቋሪ» ይባላል፣ የውጭ ሰው ሲያጉረመርም «አላዋቂ»።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «በሩ ክፍት ነው፣ ገብታችሁ ተሳተፉ» የሚል ነው። ጥሩ መልስ ነው፣ ግን እስከምን ድረስ? ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ይህንኑ ሞክሯል። ቪዲዮ በብራውዘር ውስጥ ተቆልፎ እንዲታይ የሚያስችለውን ስታንዳርድ ለመቃወም ደብልዩ3ሲ ውስጥ አባል ሆኖ ገባ፣ በደንቡ መሠረት ተከራከረ። በሴፕቴምበር 2017 በተሰጠው ድምፅ 58.4 በመቶ ደገፉ፣ 30.8 በመቶ ተቃወሙ፣ ቀሪዎቹ ድምፅ አልሰጡም። ፋውንዴሽኑ አባልነቱን ትቶ ወጣ። ጠበቃና መሐንዲስ ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ ተራ ተጠቃሚውን «ገብተህ ተሳተፍ» ማለት ከሽኙት አይሻልም።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ያገባናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው። ፊደሉ መግባቱ ግን መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ለምሳሌ በሁለት ነጥብ (፡) ቃላትን የሚለይ ጽሑፍ መሥመር ሲሞላ ነጥቡ ከቃሉ ጋር መሥመሩ መጨረሻ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ሚቀጥለው መሥመር መጀመሪያ አይወርድም። ይህንን የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን በደንብ ካልተነገረው አያውቀውም። የዩኒኮድ የመሥመር አቆራረጥ ደንብ ዛሬ ነጥቡን «ከኋላው ይቆረጥ» ከሚባሉት ምልክቶች መድቦታል።

ሌላ ልጨምር። በሲኤስኤስ ዝርዝርን በግዕዝ ቁጥር መቁጠር ይቻላል፤ «ኢትዮፒክ ኒውመሪክ» የሚባል ስልት አለ። ይህ ስልት ስታንዳርዱ ውስጥ ውስብስብ ተብለው ለብቻቸው ከተቀመጡት አንዱ ነው። ለምን ቢባል የእኛ አቆጣጠር ዜሮ የለውም፤ ቁጥሩ ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አኃዝ እየተደረገ ይከፈልና በየመካከሉ ፻ እና ፼ እየተፈራረቁ ይገባሉ። በሰዎች ዘንድ ከልጅነት የተለመደው ነገር ለማሽን ሲጻፍ ራሱን የቻለ አልጎሪዝም ይፈልጋል። የ2002ቱ ረቂቅ ደግሞ በሀሁ እና በአበገደ ቅደም ተከተል የሚቆጥሩ ስልቶችንም ይዞ ነበር፤ ኋላ ላይ ከስታንዳርዱ ወጥተው የፈለገ ሰው ገልብጦ የሚጠቀምባቸው ዝግጁ ስልቶች መካከል ገቡ። መውጣታቸው ልክ ነው አይደለም የሚለውን እዚህ አልፈርድም።

የምፈርደው ሌላ ነገር ነው። ይህንን ሁሉ በደንብ የሚያውቁት እነማን ናቸው? የጋዜጣ አራሚው፣ የብራና ጸሐፊው፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠሩት አባት፣ አማርኛ አስተማሪዋ። ከእነዚህ አንዳቸውም «ሲኤስኤስ» የሚለውን ቃል ላያውቁ ይችላሉ። ቅሬታቸው የሚመጣው «ኮምፒውተሩ ጽሑፌን አበላሸብኝ» ተብሎ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጥፋቱን የማይመለከተው አካል ላይ ይለጥፋል፣ ልክ ድቮራክ ካስኬድ ላይ እንደለጠፈው። ያኔ «ጋሼ፣ ይሄ የፎንት ጉዳይ ነው፣ እርስዎ አይገባዎትም» ካልናቸው ቅሬታው እዚያው ይሞታል። የሚሞተው ደግሞ ከእሳቸው ሌላ ማንም የማያውቀው መረጃ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተበሳጭቶ ዝም ቢል ሌላ ሺህ ሰው ያንኑ ያማርራል። የእኛ ፊደል ያን ያህል ተሟጋች የለውም።

ይህ ልማድ እኛም ጋ አለ። ባለፈው ሴሚስተር ላብ ውስጥ አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቅጿ ለምን ከስክሪኑ ወጥቶ እንደሚንሸራተት ጠየቀች። ስፋቱን መቶ በመቶ ብላ ፓዲንግ ጨምራበታለች፣ ነገሩ ከላይ ያወራነው የሳጥኑ ጉዳይ ነው። አጠገቧ የነበረው ሲኒየር «ቤዚኩን ሳትጨርሺ ምን ያስቸኩልሻል» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ተከትለው ሦስት አራት ሰው ሳቁ። ልጅቷ ላፕቶፗን ከደነች። የሥራ ቡድኑ በይፋ ስሕተት ነው ብሎ በመዘገበው ነገር ነው የተሳቀባት፤ ይህንን ነገርኳት፣ ግን ከሳቁ በኋላ ስለሆነ ብዙም የጠቀማት አልመሰለኝም።

ጋዜጠኞችን ነፃ ለማውጣት አይደለም ይህን ሁሉ የምለው። የቴክኖሎጂ ዓምደኛ አንባቢን ለማሞቅ ብሎ ግማሽ እውነት ሲጽፍ ጉዳት ያደርሳል፣ መታረምም አለበት። ማረም ማለት ግን የተሳሳተውን ካልተሳሳተው መለየት ነው። በ2019 የኤምዲኤን ጥናት ከ28,000 በላይ ዌብ ሠሪዎችን ምን ያማርራችኋል ብሎ ሲጠይቅ ከቀዳሚዎቹ አምስት ምሬቶች አራቱ የብራውዘሮች አለመጣጣም ነበሩ። ከድቮራክ ዓምድ አሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ ያውም ባለሙያዎቹ ራሳቸው! ከዚያ ወዲህ አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ ከሌሎች ጋር ሆነው ከ2022 ጀምሮ ኢንተሮፕ በሚል ስም በየዓመቱ ልዩነቶችን እየመረጡ ያስተካክላሉ። በቁጥር የሚለካ ጥሩ ሥራ ነው። እንግዲህ በመጨረሻ የተሠራው ሥራ የውጭ ሰው ያማረረበት ነገር ነው።

ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በዌብ ኮርስ ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን ከግቢያችን አንድ ኮምፒውተር ነክ ያልሆነ ሰው ይምረጥ፦ የሬጅስትራር ሠራተኛ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ የአማርኛ ክፍል መምህር። ያ ሰው በአማርኛ ገጽ ላይ የሚያማርረውን ሁሉ በራሱ ቃል፣ አንድም ሳይታረም፣ እንጻፈው። ከዚያ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር በሦስት እንክፈለው፦ የተሳሳተ፣ ትክክል ሆኖ ስሙን የሳተ፣ እና እንዳለ ትክክል። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የገባውን እያንዳንዱን ነገር ወደ ትክክለኛው ስታንዳርድ ስም መልሰን፣ የሚሞከር ትንሽ ገጽ ሠርተን፣ ለሚመለከተው ቡድን እንላክ። ደብልዩ3ሲ ስለ ኢትዮጵያ ፊደል አቀማመጥ የሚያዘጋጀው ሰነድ አለ፣ አስተያየት ይቀበላል፤ ለዚህ አባልነትም ክፍያም አይጠየቅም። ሥራው ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው። ማርኩን እንዴት እንደሚሰጡት ለመምህራኖቻችን እተወዋለሁ፤ እኔ ግን ከሦስቱ ክፍሎች ከባዱ ሁለተኛው ስለሆነ ከግማሽ በላዩን ለእሱ እሰጥ ነበር።